የላይመን ስኪልስ እምቢታ

ላይመን ስኪልስ ዕድሜውን ሙሉ የተመኛት አንዲት ቃል ነበረች፤ «የተከበሩ» የምትባለዋ። ሌላው ሁሉ ነበረው። ዋናው መንገድ ላይ ባለሁለት ፎቅ የድንጋይ ሱቅ ነበረው። ዊከም ከተማ ውስጥ በየዓመቱ ቀለም የሚቀባው ቤት የእሱ ብቻ ነበር። ጢሙም ቢሆን ከየትኛውም ባለሥልጣን ጢም ጎን ቢቆም የሚያሳፍር አልነበረም። ሰው ግን መንገድ ላይ ሲያገኘው «ስኪልስ፣ ምስማር ገባ?» ይለዋል። ገብቷል ብሎ ያልፋል፤ ቀኑን ሙሉ ግን ሲከነክነው ይውላል።

የባሱት አማቱ ነበሩ። ዳኛ ኦዛያስ ክሬን ኮረብታው ላይ ከአያታቸው በወረሱት ነጭ ቤት የሚኖሩ፣ ከችሎት ከወረዱ ዘመን ቢቆጠርም ዶሮ ሲያባርሩ እንኳ ፍርድ የሚሰጡ የሚመስሉ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸውን ፐርሚሊያን ለላይመን ከዳሩ በኋላ አንድም ቀን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። በየኅዳሩ በምስጋና ቀን ቤተሰቡ ገበታ ላይ ሲሰበሰብ «ድንቹን ለባለሱቁ አሳልፉለት» ይላሉ። ባለሱቁ ድንቹን ይቀበላል፣ ያመሰግናል፣ ከድንቹ ጋር ንቀቱንም ይውጣል። ገበታው ላይ የተቀመጠውን የቱርክ ዶሮ የገዛው እሱ ነበር።

ለነገሩ ላይመን ሲነሳ ሱቅም አልነበረውም። የቆርቆሮ ድስትና ጭልፋ በጀርባው ተሸክሞ በቨርሞንት ተራሮች እየዞረ የሚሸጥ ልጅ እግር ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ጭልፋ ለመሸጥ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። እመቤቲቱ ጭልፋውን ታገላብጠዋለች፣ ታንኳኳዋለች፣ የሟች እናቷን ጭልፋ ታነሳለች፣ የፖም ጠጅ ትቀዳለች፣ ጎረቤት ታማለች፣ ከዚያ ዋጋውን ከመሀል ትቆርጠዋለች። በእኛ ተራራ የዋጋ ክርክር ጨዋታ ነው፤ ግማሽ ዓመት በረዶ የዘጋበት ሰው ሌላ ምን ይጫወታል? ላይመን ግን ጨዋታውን አያውቅበትም። ሴትዮዋ ፊቷን ቅጭም ስታደርግ ይደነግጣል፤ ስትስቅ ደግሞ የባሰ ይደነግጣል፤ መጨረሻ ላይ ከገዛበት ባነሰ ሸጦ ይወጣል። ከበሩ ሳይርቅ ከጀርባው ሳቅ ይሰማል።

ስለዚህ ሱቅ ሲከፍት ክርክርን ከነሥሩ ነቀለው። ቦስተን ደርሶ የመጣ አንድ ሰው እዚያ አንድ ዋጋ ብቻ የሚናገር ሱቅ አለ ብሎት ነበር። ላይመን ይህን ሲሰማ ሰማያዊ ጥሪ እንደ ደረሰው ሰው ሆነ። በሩ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ሰሌዳ አቆመ፤ «አንድ ዋጋ። አንድ ቃል። የተሸጠ አይመለስም» ይላል። ከተማው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በረዶው መንገዱን ሲዘጋው ደግሞ እየተነጫነጨ ገዛ። «እስቲ ትንሽ ቀንስልኝ» ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ይሰማል። «አይ» ይላል ላይመን፣ ከሚዛኑ ቀና ሳይል። ቁጣ የሌለባት፣ ተስፋም የሌለባት «አይ» ናት። በጊዜ ብዛት እንደ አናጢ መሮ ሳላት፤ ዊከም ውስጥ ያልቀመሳት ሰው የለም።

ዲያቆን ጆታም ተርሎም ቀምሷታል። ዲያቆኑ ከታች ሸለቆው ውስጥ በግ የሚያረባ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊት የሚቀመጥ፣ ንግግር የሚቆጥብ ሽማግሌ ነው። አንድ መኸር ለሚስቱ ጥሩ የቆዳ ጫማ ገዛላት፤ ዘመኗን ሁሉ የእሱን አሮጌ ጫማ ስትጎትት የኖረች ሴት ናት። አዲሱን እግሯ ላይ ሳታጠልቀው ሳንባዋን ታመመችና ሞተች። ከቀብሩ በኋላ ዲያቆኑ ጫማውን በወረቀት እንደ ተጠቀለለ ይዞ መጣ። ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር። ላይመን ጥቅሉን እንኳ አልፈታውም፤ በጣቱ ወደ በሩ አመለከተ።

«ዲያቆን፣ ሰሌዳው ላይ ምን ይላል? አንብብልኝ እስቲ» አለው።

ዲያቆኑ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ፣ ሰው ሁሉ እያየው አነበበ። ከዚያ ጫማውን አቅፎ ወጣ። ላይመን ክፋት አስቦ አልነበረም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ደንብ ተከበረ ብሎ ራቱን አጣጥሞ በላ።

እንግዲህ ፖለቲከኛ ልሁን ያለው ይህ ሰው ነው። የልብ ልብ የሰጠው የከተማው ጋዜጣ አዘጋጅ ሲላስ ፌልች ነበር፤ ጋዜጣው በላይመን ማስታወቂያ የምትተነፍስ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው።

«ሚስተር ስኪልስ፣ የሴኔት አባል እኮ 'የተከበሩ' ተብሎ ነው የሚጠራው» አለው አንድ ቀን።

ላይመን ስኳር መመዘኑን አቆመ። «ማነው የሚጠራው?»

«ሁሉም።»

«ዳኛም?»

«ዳኛማ ግዴታው ነው። ያውም ባርኔጣውን አንስቶ።»

ከዚያች ቀን ወዲያ ላይመን እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣ። ዓይኑን ሲጨፍን ዳኛ ክሬን ባርኔጣቸውን ሲያነሱ ይታየዋል፤ ድንቹም አብሮ ይታየዋል፤ «ድንቹን ለተከበሩት አሳልፉላቸው» ሲባል ይሰማዋል።

በእኛ አውራጃ ፓርቲያችን ያጨው ሰው ተመረጠ ማለት ነው። የሌላው ፓርቲ ደጋፊ ሁሉ በአንድ ጋሪ ቢጫን ቦታ ይተርፋል። ስለዚህ ትልቁ ነገር መታጨቱ ነው። እጩውን የሚመርጠው ጉባኤ ደግሞ በሐምሌ ዊከም ላይ ሊቀመጥ ነበር። ፌልች ወዲያ ወዲህ ብሎ የጉባኤውን ሰዎች አግባባ። ላይመን በሬ እንዲጠበስ፣ የፖም ጠጅ በበርሜል እንዲቀርብ፣ ከጎረቤት ከተማም ጥሩምባ ነፊዎች እንዲመጡ አዘዘ። ነገሩ አልቆ ነበር፤ የቀረው ሥርዓቱ ብቻ ነው።

ጉዱ ያለው ሥርዓቱ ላይ ነው። በእኛ አገር ሹመት የሚፈልግ ሰው መፈለጉ ሊታወቅበት አይገባም። ጉባኤው አጠገብ ድርሽ አይልም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ምንም የማያውቅ ይመስላል። መልእክተኞች ሲመጡበት ይደነግጣል፣ ሲለመን እምቢ ይላል። ግብዣ ቤት «ኧረ በቃኝ፣ ጠግቤ ነው የመጣሁት» እንደሚል እንግዳ ነው። ሆዱ ባዶ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ካልተለመነ ግን አይበላም።

«ሦስት ጊዜ ነው» አለ ፌልች፣ በላይመን ሳሎን ተቀምጦ፣ የጻፈለትን ንግግር እያሳየው። ፐርሚሊያ መስኮቱ ሥር ሹራብ ትሠራለች። «መጀመሪያ 'ኧረ እኔ አይገባኝም' ይላሉ፤ ይለምኑዎታል። ቀጥሎ ጠንከር አድርገው እምቢ ይላሉ፤ አጥብቀው ይለምኑዎታል። መጨረሻ ላይ 'እንግዲህ ሕዝቡ ካለ ምን አደርጋለሁ' ብለው መሐረብዎን ያወጡና ዓይንዎን ጠረግ ያደርጋሉ። ጥሩምባ ነፊዎቹን ከጎተራው ጀርባ እደብቃቸዋለሁ። ነጩን መሐረብ ሲያዩ መንፋት ነው።»

«ከፈለግኩት ለምንድነው እምቢ የምለው?»

«ስለሚፈልጉት ነዋ።»

«ስኳር የፈለገ ሰው ሱቄ ገብቶ ስኳር አልፈልግም አይልም።»

«ይሄ ስኳር አይደለም፣ ሚስተር ስኪልስ። ይሄ እንደ ጋብቻ ነው። ልጃገረድ ስትጠየቅ መጀመሪያ እምቢ ትል የለ?»

ፐርሚሊያ ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሳቀች። «ይህንን ለእሱ ነው የሚነግሩት፣ ሚስተር ፌልች?»

ላይመን ጆሮው ቀላ። ያኔ፣ ገና ሱቁን በከፈተ ሰሞን፣ ዳኛው በረንዳ ላይ ቆሞ ፐርሚሊያን አግቢኝ ብሏት ነበር። እሷም እንደ ማንኛውም ጨዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ «አይሆንም፣ ሚስተር ስኪልስ» አለችው። ላይመን «እሺ፣ ደህና እደሪ» ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ኮረብታውን ወረደ። ወንድሟ ኮቱን እንኳ ሳይደርብ በረዶ ለበረዶ ሮጦ ከድልድዩ መለሰው። «አንተ ሰው፣ አይሆንም ስትል እኮ አይሆንም ማለቷ አይደለም!» ሲለው ላይመን «ታዲያ ለምን አይሆንም አለች?» ብሎ ጠየቀ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

ሆኖም ንግግሩን አጠና። ማታ ማታ ከብቶቹ በረት እየገባ ይለማመዳል። የመጀመሪያዋ እምቢታ ሽባ ነበረች፤ «አይገባኝም» ሲል የሱቅ ዕቃ ያለቀበት ይመስላል። ሁለተኛዋ ላይ ሲደርስ ግን የሚያውቀውን አገኘ። ድምፁ ረጋ፣ ደረቱ ቀና አለ፣ ላሚቱ ማመንዠኳን አቆመች። ፐርሚሊያ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው።

«ሁለተኛዋን ትንሽ አለስልሳት፣ ላይመን።»

«ምን ሆነች?»

«እኔ እንኳ አመንኩህ።»

ላይመን ይህንን ለምስጋና ወሰደው።

ቀኑ ደረሰ። ሐምሌ ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። ከቤቱ ጀርባ በሬው ከንጋት ጀምሮ እየተገላበጠ ይጠበሳል፤ ሽታው ዋናውን መንገድ ሞልቶታል፤ የከተማው ውሻ ሁሉ የፓርቲ አባል ሆኗል። ፌልች ላይመንን ኮቱን አስወልቆ መኮትኮቻ አስጨበጠውና ባቄላ ተክል መሀል አቆመው። ትሑት ሰው መሬቱን ሲኮተኩት ሹመት መጣበት መባል አለበት። ላይመን መኮትኮቻ ከመሸጥ በቀር በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰው አይደለም።

መልእክተኞቹ በሰልፍ መጡ፤ ከኋላቸው ሕዝቡ ተከተለ። ዳኛ ክሬን ከሠረገላቸው ሳይወርዱ አጥሩ አጠገብ አቁመው «ባለሱቁ ዛሬ ምን ሊሸጥ ነው?» ሲሉ ላይመን ሰማቸው። ትንሽ ይታገሱ፣ አለ በሆዱ፣ አሁን ይጠሩኛል።

ከመልእክተኞቹ ፊት የሚሄደው ዲያቆን ጆታም ተርሎ ነበር። ጉባኤው በዕድሜ አንጋፋውን፣ በጨዋነትም የተመሰከረለትን ሰው ልኳል፤ ፌልች ይህ ጥሩ ነው ብሎ እጁን አፋተገ። ስለ ጫማው ነገር ያስታወሰ የለም። ላይመንም አላስታወሰም።

ዲያቆኑ ቆም ብሎ አየው። «ላይመን፣ አረሙን ትተህ ባቄላውን እየቆረጥከው ነው» አለ።

ሰው ፈገግ አለ። ላይመን መኮትኮቻውን አዞረ። «እናንተ! ምን እግር ጣላችሁ?» አለ፣ እንደ ተማረው ደንግጦ።

«ጉባኤው ሴኔት ሊልክህ ወስኗል። እሺ በለን ብለን መጣን።»

«እኔን? ኧረ እኔ አይገባኝም። እኔ ተራ ነጋዴ ነኝ።»

«ይገባሃል!» አሉ ከኋላ። ፌልች ሁለት ሰው አዘጋጅቶ ነበር። «እሺ በል፣ ስኪልስ!»

«እሺ በለን እንጂ፣ ላይመን» አለ ዲያቆኑ።

ላይመን መኮትኮቻውን ተከለ። ደረቱን ነፋ። ሁለተኛዋ መጣች፤ በረት ውስጥ እንኳ እንዲህ አምራ አታውቅም። «ዲያቆን፣ ታውቁኛላችሁ። ላይመን ስኪልስ ቃሉ አንድ ነው። አይ ብያለሁ። ዛሬም አይ፣ ነገም አይ። ብትለምኑኝ አልሰማም። ብታለቅሱም አላይም። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ሰዉ አንገቱን ደፋ። ያቺን ድምፅ ያላወቃት ሰው አልነበረም። አንዱ ቅቤውን ይዞ የሰማት ናት፤ ሌላው የልጁን ኮት፤ አንዷ ለባሏ መድኃኒት ስትለምን። ከኋላ የቆመ አንድ ገበሬ እንደ ልማዱ ባርኔጣውን ደፍቶ መሄድ ጀመረ። ላይመን ይህንን ሁሉ እንደ አክብሮት ቆጠረው። በጣቱ ኪሱን ዳሰሰ፤ መሐረቡ አለ። ሦስተኛውን ልመና ጠበቀ።

ዲያቆን ተርሎ ወደ ገዛ ጫማው አየ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ሰምታችኋል» አለ። «ይህንን ሰው ለብዙ ዘመን አውቀዋለሁ። አይ ካለ አይ ነው። እኔ ራሴ ለምኜው አይቻለሁ። ሰውን ከቃሉ ዝቅ በል ብሎ መጨቅጨቅ ነውር ነው፤ ባናስቸግረው ይሻላል።»

ላይመን ክው አለ። «ዲያቆን፣ ቆይ እንጂ። እንግዲህ ሕዝቡ ካለ...»

«ሕዝቡማ ተስማምቷል። እንተውህ ብሏል።»

«ማለቴ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ብትጠይቁኝ...»

«የሰጠኸው ቃል ይመለሳል እንዴ፣ ላይመን?» አለ ዲያቆኑ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ሱቅህ በር ላይ ምን ይላል? አንብብልኝ እስቲ።»

ያን ቀን ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እዚህም ነበሩ፤ እርስ በርስ ተያዩ። ፌልች ጥቅሻ በጥቅሻ ሆነ፤ ጥቅሻ ግን ምን ያደርጋል። ሰው ሁሉ መልስ ይጠብቃል፤ ዳኛውም ከሠረገላቸው ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ።

«የተሸጠ አይመለስም» አለ ላይመን።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ዲያቆኑ።

ጉባኤው ግን እጩ ይፈልጋል፣ በሬውም በስሏል። ዲያቆኑ ዓይኑን ሲያዞር ዶክተር ኢራ ኮልቢን አየ፤ ለጥብሱ ብሎ የመጣ፣ አስቀድሞም አንድ ጎድን አስቆርጦ የያዘ ወፍራም ሐኪም ነው። «ዶክተር፣ አንተስ?» አለው።

«ኧረ እኔ አይሆንልኝም» አለ ዶክተሩ አፉ እንደ ሞላ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። የዶክተር ኮልቢን እምቢታ ማን ያምናል? «አልጠጣም» ሲል ነው የሚቀዳለት። «ከምሬ ነው፣ ባለቤቴ ትገድለኛለች» አለ፤ ጭራሽ ደስ አላቸው። «በሽተኞቼስ?» አለ፤ አንስተው ትከሻቸው ላይ አወጡት። የጎረሰውን ሳይውጥ ታጨ።

የላይመን ፊት ላብ በላብ ሆነ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባና አቃጠለው። ሳያስበው እጁን ኪሱ ከተተና መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ።

ጥሩምባው ከጎተራው ጀርባ ፈነዳ። ነፊዎቹ እንደ ታዘዙት እየነፉ በሰልፍ ወጡ፤ ሕዝቡ ዶክተሩን ተሸክሞ ተከተላቸው፤ ወደ በሬው ዞሩ፣ ከበሬውም ወደ በርሜሉ። ላይመን የቆረጠው ባቄላ መሀል ብቻውን ቀረ። ዳኛ ክሬን ልጓሙን ሲስቡ «ባለሱቁ ሳይሸጥ ዋለ» ማለታቸው ተሰማ።

ፐርሚሊያ ዝንጅብል የገባበት ቀዝቃዛ ውሃ ይዛለት መጣች። ጠጥቶ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው።

«ያኔ ወንድሜ ነበር ሮጦ የደረሰልህ» አለችው። «ዛሬ የሚሮጥልህ ሰው አላፈራህም፣ ላይመን።»

ላይመን የመንገዱ አቧራ እስኪረጋ ድረስ ሲያይ ቆየ፤ የሚሮጥ ሰው ግን አልመጣም።

ከዚያ ወዲያ ይህ ነገር እስከ በረዶው ወራት ሲከነክነው ቆየ። ዶክተር ኮልቢ ተመረጠ፤ የተከበሩ ዶክተር ኮልቢ ተባለ፤ ሱቁ መጥቶ ትምባሆ ሲገዛ ላይመን እንኳ እንደዚያ ብሎ ጠራው። በምስጋና ቀን ድንቹ እንደ ወትሮው ለባለሱቁ ተላለፈ። ላይመን ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ አንድ ትምህርት ያዘ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰሌዳውን ያወርድ ነበር። እሱ የያዘው ግን ሌላ ነው፤ ሹመት ሲመጣ መግደርደር ሞኝነት ነው፣ ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ሰው አፉን ሳይዘጋ እሺ ማለት ነው አለ።

መጋቢት ላይ የከተማው ዓመታዊ ስብሰባ ተደረገ። በረዶው ከጭቃ ተቀላቅሏል፤ አዳራሹ ውስጥ ምድጃው ይጤሳል፤ ሴቶቹ ያመጡት የፖም ኬክ መስኮቱ ላይ ተደርድሯል። ሰብሳቢው ዲያቆን ተርሎ ነበር። መንገድ ጠጋኙ ተመረጠ፣ አጥር ተመልካቹ ተመረጠ፣ ግብር ሰብሳቢው እየተሳደበ ተመረጠ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሹመት ይቀራል። ይህንን ሹመት በዓመቱ ላገባ ሙሽራ ሰጥቶ መሳቅ የቆየ ልማዳችን ነው። በዚያ ዓመት ግን ያገባ አልነበረም፤ ወንዶቹ ወደ ምዕራብ ሄደዋል፣ ልጃገረዶቹ ፋብሪካ ገብተዋል።

«አንድ ክፍት ቦታ አለን» አለ ዲያቆኑ። «ቆራጥ ሰው ይፈልጋል። የሰው ንብረት ከሰው ንብረት የሚለይ፣ ሲጮኽበት የማይበገር። ሕጋዊ ሹመት ነው፣ መሐላም አለው። እኔ በበኩሌ ሚስተር ላይመን ስኪልስን...»

«እቀበላለሁ» አለ ላይመን። አነሳሱ ፈጣን ነበርና ወንበሩ ከኋላው ወደቀ።

«ምን እንደሆነ ገና አልነገርኩህም እኮ።»

«ምንም ይሁን። ሕዝቡ ካለ ምን አደርጋለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አፉን በባርኔጣው ሸፈነ።

«የአሳማ ሹም ነው» አለ ዲያቆኑ።

የሳቁን ነገር ተዉት። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ፌልች እንኳ ጠረጴዛውን ይዞ አለቀሰ። ላይመን «አይ» ሊል አፉን ከፈተ። ዲያቆኑ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ከዚያ ሆኖ መንገዱ ማዶ ያለው የሱቁ ሰሌዳ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ላይመን የወደቀውን ወንበር አነሳ፣ ቀኝ እጁንም አንስቶ ማለ።

በሌላ ከተማ ይህ ሹመት ለስሙ ነው፤ ላይመን ግን ቃሉ አንድ ነው፣ ሠራው። በረዶው ሲቀልጥ አጥር ጥሶ የወጣውን አሳማ ሁሉ እያሳደደ ይይዛል፣ በከተማው በረት ይዘጋል፣ ባለቤቱ መጥቶ እስኪያስፈታ ይጠብቃል። ሱቁ በር ላይ ቆመው የሚመለከቱት ሰዎች «ስኪልስ፣ ትንሽ ቀንስለት እንጂ፣ ደከመው!» ይላሉ፤ ማን እንደ ደከመው ግን አይናገሩም።

ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ የዳኛ ክሬን ትልቋ ሴት አሳማ ከኮረብታው ወርዳ የፓስተሩን የአትክልት ቦታ ገለባበጠችው። ላይመን ከሱቁ እንደ ወጣ፣ በጥሩ ሱሪው፣ ተከተላት። ጎመኑን አልፋ፣ አጥሩን ጥሳ፣ መንገዱ መሀል ያለው ጭቃ ላይ ደረሰባት። ዳኛው በከዘራቸው እየተደገፉ ሲወርዱ ላይመን በደረቱ ጭቃው ውስጥ ተዘርሮ የኋላ እግሯን በሁለት እጁ አንቆ ይዟል። መንገዱ ሰው በሰው ሆኗል። ፐርሚሊያ ቅርጫቷን ይዛ ቆማለች፤ ዲያቆን ተርሎም አጥሩን ተደግፎ ያያል።

«ባለሱ...» ብለው ጀመሩ ዳኛው፤ ተዉትም። አሳማዋ በሕግ እጅ ገብታለች፤ የያዛት ሰው ደግሞ መሐላ የፈጸመ የከተማው ሹም ነው። ዳኛ ክሬን ደግሞ ሰውን ይንቁ እንደሆነ እንጂ ሕግን ንቀው አያውቁም። አፍንጫቸው ነጭ እስኪሆን ነፉት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የተከበሩ ሚስተር ስኪልስ፣ አሳማዬን ይልቀቁልኝ።»

ላይመን ቀና አለ። ጢሙ በጭቃ ተለብጦ ለሁለት ተከፍሏል። «ምን አሉኝ?»

«አሳማዬን ልቀቅልኝ አልኩህ።»

«ከእሱ በፊት ያሉትን።»

ዳኛው ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። «የተከበሩ አልኩ።»

«አሳማዋ ስትጮኽብኝ አልሰማሁም።»

«የተከበሩ!» አሉ ዳኛው፤ በችሎት ዘመናቸው በነበረው ድምፅ ነው፣ ድልድዩ ድረስ ተሰማ።

«እሺ» አለ ላይመን፣ አሳማዋንም ለቀቃት።

እውነቱን ለመናገር የሳቀበት ሰው ብዙ ነው። ላይመን ግን ሳቁን የሰማው አይመስልም። ከጭቃው ተነስቶ እንደ ሐውልት ቆመ፤ ዳኛው አሳማቸውን እየነዱ ኮረብታውን ሲወጡ በዓይኑ ሸኛቸው። ፐርሚሊያ ጠጋ ብላ ነጭ መሐረብ አቀበለችው፤ ጭቃውን ይጠርግበታል ብላ ነበር። እሱ ዓይኑን ጠረገበት።